ወህዳ የተባለ ዘመድ

ጅዳ ውስጥ አንድ ሐበሻ «ዛሬ ኳስ ልገባ ነው» ካለ ሦስት ጥያቄ ይከተለዋል። «ማን ከማን?»፣ «ቤንዜማ አለበት?»፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ «ታዲያ ምን ልታይ ነው የምትሄደው?» ሦስቱን ለዓመታት ስመልስ ኖሬ ስለታከተኝ አሁን «መካ ዘመድ ልጠይቅ ነው» እላለሁ። ውሸትም አይደለም። ወህዳ ከዘመድ በምን ያንሳል? ገንዘብ ያስወጣል፣ ያበሳጫል፣ በሄድክ ቁጥር ታሞ ታገኘዋለህ።

ለማያውቀው፣ አል-ወህዳ የመካ ቡድን ነው። በይፋ የተቋቋመው በ1945 ነው (ዓመቶቹንም ወሮቹንም ቀኖቹንም በፈረንጅ ነው የምጠራው፤ የአቆጣጠር ጣጣችን ላይ እመለሳለሁ)። መለያው ቀይና ነጭ፣ የሙገሳ ስሙ «ፉርሳን መካ»፣ የመካ ፈረሰኞች። ይኼ ስም ለእኔ ቅጣት ነው። አዲስ አበባ ሳለሁ የቡና ደጋፊ ነበርኩ። ጊዮርጊሶችን፣ «ፈረሰኞቹ» የሚባሉትን፣ ድምፄ እስኪዘጋ ስሰድብ ኖሬ ባሕር ተሻግሬ ፈረሰኛ ሆንኩ። ያውም ትልቅ ዋንጫ ካነሳ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የሆነው ፈረሰኛ። የአዲስ አበባዎቹ ቢያንስ ያሸንፉ ነበር።

በ2020 ሊጉን 4ኛ ሆኖ ጨርሶ ወደ እስያ ውድድር ሲያልፍ «በቃ፣ ሰው ሆነ» አልን። በዓመቱ፣ በ2021፣ ወረደ። በ2022 ተመለሰ። በ2025 ደግሞ ወረደ። ሊፍት እንኳ ፎቅ ላይ ትንሽ ቆም ብሎ ሰው ያሳፍራል። አሁን የሚጫወትበት ሁለተኛው እርከን በስፖንሰሩ ስም ዬሎ ሊግ ይባላል። ስፖንሰሩ መኪና አከራይ ነው፤ እኛ ግን እዚያ ለመድረስ መኪና የሚያበድረን ሰው ፍለጋ ቀኑን ሙሉ እንደዋወላለን።

እስቲ ከሰዓቱ ልጀምር፤ ነገራችን ሁሉ የሚበላሸው እዚያ ላይ ነውና።

እዚህ ጨዋታ የሚጀምርበት ሰዓት ከሰላት ጋር ተሰልቶ ስለሚወጣ ሙሉ ቁጥር ላይ አያርፍም። ስድስት ከሃምሳ ይሆናል፣ ስምንት ከሃያ ይሆናል። ሐበሻ ደግሞ ሃያ ዓመት ዐረብ አገር ቢኖር ቤቱ ውስጥ የሚቆጥረው በሐበሻ ነው። ሥራ ቦታ በእነሱ፣ ቤት በራሱ። ስለዚህ ከማንኛውም ቀጠሮ በፊት «በሐበሻ ነው በዐረብ?» የሚል ድርድር አለ። ድርድሩን የረሳ ሰው ይቀጣል። አንዱ ጓደኛችን ስድስት ከሃምሳን በሐበሻ ወስዶ በጠራራ ፀሐይ፣ በነሐሴ፣ ቤቴ በር ላይ ቀይ ስካርፍ አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ተገኘ። ምሳ በላ፣ ተኛ፣ ስንነሳ ቀሰቀስነው። በሌላ ጊዜ እንዳይሳሳት ብለን «አሥራ ሁለት ከሃምሳ» ብንለው «እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ነው? ረመዳን ገባ እንዴ?» አለ። አይፈረድበትም። በረመዳን ጨዋታው ከተራዊሕ ሰላት በኋላ ስለሆነ እውነትም ወደ እኩለ ሌሊት ነው የሚያልቀው።

ቀኑም ያው ነው። የረመዳን ቀን በሂጅራ፣ ደመወዝ በፈረንጅ፣ እናቴ ስልክ ስትደውል በሐበሻ። «የሚካኤል ለት የሄደው ልጅ ደረሰ?» ትላለች ደሴ ሆና፤ ሙስሊም ናት፣ ግን ደሴ ውስጥ ሙስሊሙም ቀን የሚቆጥረው በሚካኤል ነው። እኔ እዚህ ሦስት ካላንደር አስማምቼ አንድ ጨዋታ አገኛለሁ። መካ መሐል ላይ 601 ሜትር የሚረዝም ሕንፃ ቆሟል፣ አናቱ ላይ ያለው ሰዓት ፊቱ 43 ሜትር ይሰፋል፣ ከሩቅ መንገድ ላይ ሆኖ ይነበባል። እሱን እያየን እንኳ «ስንት ሰዓት ነው?» እንባባላለን።

ስታዲየም የተዋወቅኋቸው አንድ የመካ ሽማግሌ ግን አጽናንተውኛል። «ያ ዐም» ነው የምላቸው። ድሮ፣ እሳቸው ልጅ ሳሉ፣ በዚህ አገርም ሰዓት የሚቆጠረው ከመግሪብ ነበር፤ ፀሐይ ስትጠልቅ አሥራ ሁለት ይሆናል፣ ከዚያ አንድ ብሎ ይጀምራል። ልክ እንደ እኛ! «ታዲያ ለምን ተዋችሁት?» አልኳቸው። «አንተ ለምን ያዝከው?» አሉኝ።

ቀጥሎ ትኬት። ዋጋው አይደለም የሚያማርረን፤ ሁለተኛ እርከን ውድ አይደለም። የሚያማርረው ነገር ሁሉ ስልክ ውስጥ መግባቱ ነው። በአፕ ግባ፣ የኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) ቁጥር አስገባ፣ ኮድ ይላክልሃል፣ ኮዱን በዚህን ያህል ሰከንድ ውስጥ ጻፍ። ለወጣቶቹ ይኼ ምንም አይደለም። የእኛ መኪና ባለቤት ግን ጋሼ ናቸው። ጋሼ እዚህ አገር ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል፤ አካውንቱን የከፈተላቸው የከፊላቸው (የስፖንሰራቸው) ልጅ ነው፤ የከፈተላቸው ደግሞ በራሱ ስልክ ነው። ስለዚህ ጋሼ ትኬት በቆረጡ ቁጥር ኮዱ የሚሄደው ሪያድ ለትምህርት ወደሚኖረው ልጅ ነው። ልጁ ቀን ቀን ይተኛል። ጋሼ ሳሎን መሐል ቆመው «ያ ወለዲ፣ መጣልህ? መጣልህ?» እያሉ ሲጮሁ፣ ሰከንዱ ሲያልቅ፣ እንደገና ሲጀምሩ፣ ልጁ በመጨረሻ ተነስቶ ያለፈውን ኮድ ሲልክላቸው ላየ፣ አንድ ሰው የሁለተኛ ዲቪዚዮን ጨዋታ ለማየት ይኼን ያህል መከራ መቀበሉ ያስገርመዋል። «ድሮ» ይላሉ ጋሼ፣ «በመስኮት ነበር። ብር ትሰጣለህ፣ ወረቀት ትቀበላለህ። ስምህን የሚጠይቅህ አልነበረም።»

ኢቃማው ያለቀበት ደግሞ ጭራሽ አይሞክረውም። እንዲህ ያለ አንድ ልጅ አለን፤ ከሁላችንም በላይ ኳስ የሚያውቀው እሱ ነው። የተጫዋቾቹን ስም፣ ማን ከየት እንደመጣ፣ ማን ጉዳት እንዳለበት ይዘረዝራል። ሜዳውን በዓይኑ አይቶት አያውቅም። ጅዳ፣ ከንደራ ሠፈር፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ በየአሥር ደቂቃው «ስንት ናችሁ?» እያለ ይጽፍልናል።

ከጅዳ መካ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። «ባቡር አለ አይደል?» የሚሉ አሉ። አለ። ከ2018 ጀምሮ ሐረመይን የሚባለው ፈጣን ባቡር በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር እየበረረ ከመካ በጅዳ አድርጎ መዲና ይሄዳል። ግን የመካው ጣቢያ ሩሰይፋ፣ በጅዳ በኩል ነው፤ ስታዲየሙ ከከተማው ማዶ፣ ሸራይዕ፣ ወደ ጣኢፍ በሚወስደው አቅጣጫ ነው። ከባቡር ወርደህ ለታክሲ የምትከፍለው ኪስህን ያስለቅሰዋል። ስለዚህ በጋሼ መኪና። የጋሼ መኪና ማቀዝቀዣ የፊቱን ወንበር ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ከኋላ የተቀመጥን ሦስት ሰዎች የጅዳን ወበቅ እስከ መካ ይዘነው እንሄዳለን። መካ ደግሞ ወበቅ የለውም፤ ተራራ ያቃጠለው ደረቅ ሙቀት ነው ያለው። አንዱን ለምደን ሳንጨርስ ሌላው ይቀበለናል።

ጋሼ ሳሂር ይፈራሉ። ሳሂር የፍጥነት ካሜራው ነው፤ አንዴ ፎቶ ካነሳህ መልእክቱ ስልክህ ላይ ከቤትህ ቀድሞ ይደርሳል። ስለዚህ የዑምራ አውቶቡሶች፣ የጭነት መኪኖች፣ ሞተር ላይ ያለ የምግብ አመላላሽ ሳይቀር ያልፉናል። «ጋሼ፣ ትንሽ» ስንላቸው «ቅጣቱን አንተ ትከፍለዋለህ?» ይላሉ። አንከፍልም። ዝም እንላለን።

ዝም የምንልበት ሌላ ቦታም አለ። ሹመይሲ።

ሹመይሲ ከጅዳ ወደ መካ ሲሄዱ ያለው ፍተሻ ነው። ለሌላው ሰው መኪና የሚያዘገይ ኬላ ነው። ለእኛ ግን ስሙ ብቻውን ሆድ ይበላል፤ ወደ አገር የሚመለስ ሰው የሚታጎርበት ትልቁ ማቆያ እዚያው አካባቢ ነው። በ2013 መጨረሻ በተጀመረው ዘመቻ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተጠርዘው አገር ገብተዋል። ከዚያም በኋላ ማባረሩ አልቀረም። ጅዳ ውስጥ ሹመይሲ የገባ ወንድም ወይም የመንደር ልጅ የሌለው ሐበሻ ፈልገህ አታገኝም። እናም መኪናችን ውስጥ ስለ አጥቂው፣ ስለ በረኛው፣ ስለ አሠልጣኙ የነበረው ጭቅጭቅ ኬላው ሲታይ ራሱ ይጠፋል። ሁሉም ደረት ኪሱን ይዳብሳል። ኢቃማው ገና ሁለት ዓመት የሚቀረው ሰው እንኳ ይዳብሳል። ወታደሩ በእጁ እለፉ ሲል ጋሼ «አልሐምዱ ሊላህ» ይላሉ፤ ጭቅጭቁ ካቆመበት ይቀጥላል። ኳስ ለማየት እየሄደ እንዲህ የሚፈራ ሌላ ደጋፊ ዓለም ላይ ይኑር አይኑር እንጃ።

ጋሼ አንድ ቀን «ሹመይሲ ማለት እኮ ሑደይቢያ ነው» አሉን። «ነቢዩም ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም ከነሶሓባቸው ለዑምራ መጥተው ከዚህ ተመልሰዋል። በዓመቱ ነው የገቡት። መመለስ በእኛ አልተጀመረም።» ከዚያ ወዲህ ኬላው ላይ የሚያቀልልኝ ይኼ ወሬ ነው።

ሐጅ ሲቃረብ ደግሞ ይብሳል። የመካ ኢቃማ ወይም ፈቃድ የሌለው ሰው ወደ መካ መግባት አይችልም። ሥርዓቱ ልክ ነው፣ ሚሊዮን ሰው የሚመጣበት ቦታ ነው። ግን በ2025 ሊጉ ያለቀው በግንቦት መጨረሻ፣ ሐጁም በሰኔ መጀመሪያ ነበር። ቡድናችን ሊወርድ ሲንፈራገጥ እኛ ጅዳ ቁጭ ብለን በስልክ አየነው። የታመመ ዘመድ ቀብሩም አመለጠን እንበል።

ሙስሊም ላልሆነው ጓደኛችን ነገሩ ዓመት ሙሉ እንዲሁ ነው። የጎንደር ልጅ ነው፤ በመጽሐፍ ማስቀመጫ ቅርጽ ከተሠራው ትልቁ በር ማለፍ አይችልም። እሱ የሚከራከረው በሮናልዶ ነው። እውነት ነው፣ የካቲት 9 ቀን 2023 ሮናልዶ ከቡድኑ ከነስር ጋር እዚሁ የመካ ስታዲየም መጥቶ 4 ጎል አስገብቶብናል፤ በሊግ ጨዋታዎች 500ኛ ጎሉን ያገባውም ያን ለት ነው። «እሱ የገባበትን መንገድ አሳዩኝ» ይላል የጎንደሩ ልጅ። መንገዱማ አለ፤ ሙስሊም ያልሆነ መንገደኛ ሐረሙን፣ የተከለከለውን ቅዱስ ክልል፣ ሳይረግጥ በዙሪያ ወደ ጣኢፍ የሚያልፍበት አውራ ጎዳና አለ። ጋሼ ግን ለነዳጁም ለሳሂሩም ብለው በዚያ አይዞሩም። ስለዚህ የጎንደሩ ልጅ የአህሊ ደጋፊ ሆኖ ጅዳ ቀረ፤ እኛ ላይ የሚያወርደውን ፌዝ ሁሉ ያተረፍነው በዚህ ነው።

አህሊ የጅዳ ትልቅ ቡድን ነው፤ በ1937 የተመሠረተ፣ አረንጓዴና ነጭ። ሰኔ 2022 ላይ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ወረደና አንድ ዓመት እኛ ባለንበት እርከን ተጫወተ። ያን ጊዜ የጎንደሩ ልጅ እያለቀሰ፣ እኛ ደግሞ ያን ዓመት ላይ ሆነን፣ ቁልቁል እያየነው «አይዞህ» አልነው። እንዴት ያለ ስሕተት! በ2023 አንደኛ ሆኖ ተመለሰ፤ በዚያው ዓመት በሰኔ የመንግሥቱ የመዋዕለ ንዋይ ፈንድ ከኢትሓድ፣ ከሂላልና ከነስር ጋር የአህሊንም 75 በመቶ ድርሻ ያዘ፤ በበጋው ማሕሬዝና ፊርሚኖ ከች አሉ፤ ግንቦት 3 ቀን 2025 ጅዳ ላይ ካዋሳኪ ፍሮንታሌን 2 ለ 0 አሸንፎ የእስያ ሻምፒዮን ሆነ። አሁን የጎንደሩ ልጅ ያቺን አንድ ዓመት እንደ ሁዳዴ ጾም ይተርካታል። «እኛም ታች ነበርን» ይላል፣ በሁለት ጣቱ ጢሙን እየነካ። ለእነሱ ሽርሽር ነበር። እኛ እዚያ ቤት ኪራይ እየከፈልን ነው።

ስታዲየሙ የንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ ስፖርት ከተማ ይባላል፤ በ1986 የተከፈተ ነው፤ ወደ 38 ሺህ ሰው ይይዛል። እኛ በምንሄድበት ቀን የሚመጣው ሰው የአንድ ቀበሌ ስብሰባ ቢያክል ነው። እዚህ ላይ የማነሳው ቅሬታ ከሕንፃው ጋር አይደለም፣ ከሰው ጋር ነው። 38 ሺህ ወንበር ባዶ ሆኖ፣ ያ ቁመታም ሰውዬ መጥቶ የሚቀመጠው ለምን እኔ ፊት ነው? ብነሳና ሁለት ረድፍ ወደ ላይ ብወጣ እሱም ወዲያው ከድንኳን የሚሰፋ ሰንደቅ ዓላማ ዘርግቶ ይነሳል። ከበሮ የሚመታው ጎረምሳ ለምን የእኔን ጆሮ መረጠ? ድምፅ ማጉያ የያዘው ጓደኛውስ፣ ጨዋታው ሲሞቅ ዝም ብሎ በረኛው ኳሱን ለማስቀመጥ ሲያጎነብስ የሚያቀልጠው ለምንድን ነው? ስልኩን ገልብጦ ራሱን ሲቀርጽ ጎሉ ያመለጠው፣ ከዚያ «ማን አገባ?» እያለ የሚዞረውን ትቼዋለሁ። በ80ኛው ደቂቃ መኪና ለማውጣት የሚሮጡትንም ትቻለሁ። በዚህ ሰው ብዛት መኪናን የሚዘጋ መኪና የት ይገኛል?

ባዶ ስታዲየም ሌላም ጣጣ አለው፤ ስድብ ይሰማል። ሙሉ ስታዲየም ውስጥ ሰው የሆዱን ተናግሮ ይወጣለታል። ባዶው ውስጥ ግን ዳኛው ዞሮ ያይሃል። እኛ በአማርኛ ስለምንሳደብ ለረጅም ጊዜ ምቾት ነበረን። አንድ ቀን የመስመር ዳኛውን፣ እናቱን ሳልነካ፣ አባቱን ብቻ ትንሽ ነካ አድርጌ ስጮህ፣ ከበላዬ «ኧረ ተው ወንድሜ፣ ልጆች አሉ» የሚል የጠራ አማርኛ ሰማሁ። ዞር ስል መጥረጊያ የያዘ፣ ሰማያዊ የሥራ ልብስ የለበሰ ሰው። የከሚሴ ልጅ ነው። እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

የፈስፈሱም ጉዳይ ከእሱ ጋር ነው የሚያያዘው። እዚህ ስታዲየም ያለ ፈስፈስ አይሆንም። (ስሙን መጀመሪያ ስሰማ እኔም እንደ አንተ ደንግጫለሁ፤ የሱፍ ፍሬ ነው፤ በጨው የተቆላ።) ሁሉም በከረጢት ይዞ ይመጣል፣ ፍሬውን በጥርሱ ይፈለቅቃል፣ ቅርፊቱን እንትፍ። ቡድኑ ሲጨነቅ እንትፉ ይፈጥናል። በግማሽ ሰዓት ውስጥ እግራችን ሥር የወፍ ጎጆ ፈርሶ የተበተነ ይመስላል። ያ ዐም ኪሴ ውስጥ ሳይቀር ይሞሉልኛል፤ እምቢ ማለት ነውር ነው። ታዲያ የከሚሴውን ልጅ ካየሁ ወዲያ መትፋት አቃተኝ። ሌሊት ሁላችንም ስንወጣ ያንን ሁሉ የሚጠርገው እሱ ነዋ። አሁን ቅርፊቱን ጀለቢያዬ ኪስ ውስጥ እከታለሁ። ጋሼ ግን አይሰሙም። «ሥራውን ልታሳጣው ነው?» ይላሉ፤ እንትፍ።

እንግሊዝ የሚኖር የአክስቴ ልጅ አለኝ። የሠፈሩን አራተኛ እርከን ቡድን ያያል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ፎቶ ይልክልኛል፤ ዝናብ፣ ጭቃ፣ በእጁ ትኩስ የሥጋ ፓይ። ቆሞ ነው የሚያየው። በ1989 ሂልስብሮ ላይ በደረሰው መታፈን 97 ሰዎች ካለቁ በኋላ የላይኞቹ ሁለት እርከኖች ስታዲየሞች ሁሉ ወንበር እንዲኖራቸው ተገደዱ፤ የታችኞቹ ሁለት ግን የቆመ ተመልካች መያዝ ተፈቅዶላቸው ቀረ። እሱም ያማርራል፤ ስለ ብርዱ፣ ስለ ፓይው። አንድ ነገር ነገረኝና ግን ለሳምንት ቀናሁ። እንግሊዝ ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዋናዎቹ ጨዋታዎች በሚደረጉበት ሰዓት በቴሌቪዥን በቀጥታ ማሳየት ክልክል ነው፤ ከ1960ዎቹ ጀምሮ የኖረ ደንብ ነው። ምክንያቱ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ትልልቆቹን እንዳያይና ትንንሾቹ ቡድኖች ተመልካች እንዳያጡ ነው።

አስበው። እነሱ የሠፈር ቡድናቸውን ከራሳቸው ቴሌቪዥን ይከላከላሉ። እነዚያኑ ጨዋታዎች፣ ለእነሱ የተከለከሉትን፣ ደሴ ያለ ሰው ቅዳሜ 11 ወይም 12 ሰዓት ላይ ዲኤስቲቪ ቤት ከፍሎ ያያቸዋል። ጅዳም ያያቸዋል። የደሴን ኳስ ከእንግሊዝ የሚከላከል ደንብ የለም። ልጅ ሳለሁ ሆጤ ሜዳ ላይ ጨዋታ ካለ ከተማው ይቆም ነበር፤ ከጦሳ የሚወርደው ብርድ አጥንት ውስጥ እየገባ፣ ዛፍ ላይ ሆነን፣ አጥር ላይ ሆነን። አሁን እዚያው ሆነህ «አርሰናል ስንት ለስንት?» ነው የምትባለው።

ያገር ቤቱ ሊግ ራሱ ስደተኛ ሆኗል። ከ2020 ወዲህ የፕሪሚየር ሊጉ ክለቦች በተመረጡ ከተሞች እየተሰባሰቡ ነው የሚጫወቱት፤ ጅማ፣ ሐዋሳ፣ አዳማ፣ ድሬዳዋ፣ ባሕር ዳር እያሉ። የአዲስ አበባው ስታዲየም ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ከማን አንሼ የሚባሉ ቦታዎቹ ስማቸው ነው የቀረ። ዋልያዎቹም ካፍ ስታዲየሞቻችንን ካገደ በኋላ ባዕድ አገር ነው «በሜዳቸው» ሲጫወቱ የኖሩት። ሰኔ 9 ቀን 2022 ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፍነው፣ ያ የስንት ዓመት ቁጭት የወጣበት ጨዋታ፣ ሊሎንግዌ፣ ማላዊ ነበር። ከግብፅ ጋር ተጫውተን አሸንፈን፣ አንድ ሐበሻ ከስታዲየም ወጥቶ እየጨፈረ በእግሩ ቤቱ መግባት አልቻለም! እኔ ያን ቀን ጅዳ፣ ከንደራ ሻይ ቤት፣ ስልክ ላይ ነበርኩ። ኢቃማ ያለቀበት ልጅ ከጎኔ ሆኖ ጎሉን እንደ አገሩ ሲጮህ ባለቤቱ «ዝቅ በሉ» አለን።

ይኼን ሁሉ ለባለቤቴ ብነግራት ትስቃለች። እሷን አንዴ ጅዳ ያለው ትልቁ ስታዲየም፣ ጀውሀራ፣ ወስጃታለሁ። ሴቶች በዚህ አገር ለመጀመሪያ ጊዜ ኳስ ለማየት ስታዲየም የገቡት እዚያው ነው፣ ጥር 12 ቀን 2018፣ አህሊ ከባጢን። መብራቱን አየች፣ ሰዉን አየች፣ ሜዳው እንደ ምንጣፍ ነው አለች። «ይኼ ሃያ ደቂቃ ቅርባችን እያለ አንተ መካ ድረስ ሄደህ እነዚያን ነው የምታያቸው?» መልስ የለኝም። ለጀውሀራ ቦታ የሚሻማው ሰው ብዙ ነው፤ እዚያ እኔ ብቀር የሚያውቅ የለም። መካ ግን ሁለት ጨዋታ ከቀረሁ ያ ዐም «የት ነበርክ ሐበሺ?» ብለው ይቆጡኛል፤ እሳቸውን ፈርቼ የምሄድበት ቀን አለ።

ባለፈው የሄድነው ጨዋታ አንድ ለአንድ አለቀ። ጎላችንን አላየሁትም፤ ቁመታሙ ተነስቶ ነበር። ከኢሻ በኋላ ጋሼ ሻይ ካልጠጣሁ አልነዳም ብለው አንድ ሰዓት አቆዩን። ሹመይሲን በዚህኛው አቅጣጫ ስታልፈው ቀላል ነው፣ የሚወጣ ሰው አይጠየቅም፣ ቢሆንም ዝም አልን። ከንደራ ያለው ልጅ «ዳኛው እንዴት ነበር?» ብሎ ሦስቴ ጽፏል። ቤቴ ስገባ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት፣ በሐበሻ።

ጠዋት ባለቤቴ ጀለቢያዬን ልታጥብ ኪሱን ስትገለብጠው ቅርፊቱ መታጠቢያው ወለል ላይ ተዘረገፈ። አንድ እፍኝ ይሆናል። ቆማ አየችው፣ እኔንም አየችኝ።

«ዘመድህ እንዴት ሰነበተ?» አለች።

«አልተሻለውም» አልኳት።